ምስጢሩ የልጅዎ ነው፤ በሩ ግን የትምህርት ቤቱ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የ46 ዓመት ሰው ነኝ። ጎንደር አራዳ ገበያ አጠገብ በልብስ ስፌት እተዳደራለሁ። ባለቤቴ ካረፈች አምስት ዓመት ሆናት። ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት። 13 ዓመቷ ነው፤ 7ኛ ክፍል ናት።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ከትምህርት ቤት መጣች። ቀኑ ብርድ ነበር። "ምነው ሹራብሽን አትለብሽውም?" ብላት ሳትመልስልኝ ወደ ጓዳ ገባች። ማታ ቀሚሷን አጥባ ጓዳ ውስጥ፣ ሰው በማያየው ቦታ አስጥታው አየሁ። እኔው የሰፋሁት ዩኒፎርም ነው። ገባኝ፤ ግን ምን ልበል? ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሦስት አራት ቀን ትቀራለች። "ሆዴን አሞኛል" ነው የምትለኝ። በመጨረሻ ለጎረቤታችን ነገረቻቸው። እሳቸው እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት። ትምህርት ቤቱ 300 ያህል ሴት ተማሪዎች አሉት፤ ለእነሱ ያለው አራት መቀመጫ ነው። ከውስጥ የሚቆለፍ አንድም በር የለም። ጓደኛ ውጭ ቆማ ካልያዘችላት አትገባም። ወንዶቹ እየመጡ በሩን ይገፋሉ። ውሃ የለም። ሞዴስ የሚጣልበትም የለም። ልጄ ሽንት ቤት ላለመሄድ ስትል ጠዋት ውሃ አትቀምስም አሉኝ። ከጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ወጥታ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነው የምትመለሰው።

ዘንድሮ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ኮሚቴ ውስጥ ተመርጫለሁ። ከወላጅ የተዋጣ ገንዘብ አለ። አዲስ የግቢ በር ይሠራበት የሚለው ሐሳብ አይሏል። የሚወሰነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እጄን አውጥቼ ስለ ሴቶቹ ሽንት ቤት ልናገር አሰብኩ። ግን ሰባት ወንዶች ነን፤ አንዱ ቄስ ናቸው። ቃሉ እንዴት ከአፌ ይውጣ? ከሁሉም የከበደኝ ደግሞ፣ ጎረቤታችን ነገሩን ሲያነሱባት ልጄ አለቀሰች። "አባዬ ስብሰባ ላይ ከተናገረ ትምህርቴን አቆማለሁ" አለች። አባቷ መሆኔን የማያውቅ የለም።

ዝም ልበል? ልናገር? ወይስ ተበድሬም ቢሆን የግል ትምህርት ቤት ላስገባት?

የአንዲት ልጅ አባት፣ ከጎንደር

መልስ

እንዴት ሰነበቱ ወንድሜ?

"ገባኝ፤ ግን ምን ልበል? ዝም አልኩ" የሚለው ቃልዎ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ብዙ አባት እንደዚያ ምሽት ዝም ብሏል። ብዙ እናትም ብላለች። እርስዎ ግን ያንን ምሽት አልረሱትም፤ ወራት ቆይተው እንኳ ቁጭ ብለው ጻፉልኝ። ልጅዎ እናቷን አጥታለች፤ የሚያስብላት ሰው ግን አላጣችም። ለጎረቤታችሁ መናገሯም ከእርስዎ መሸሿ አይምሰልዎ። በ13 ዓመት እንዲህ ያለውን ነገር ለሴት መናገር ይቀላል። እናቷ በሕይወት ብትኖርም ምናልባት መጀመሪያ የምትነግረው ለአክስቷ ወይም ለጓደኛዋ ነበር።

እኔም የተማርኩት እዚሁ ጎንደር ነው። የትምህርት ቤቴን ስም አልጠራም። የሴቶች ሽንት ቤት ነበረው፤ በሩ ግን ከታች ተበልቶ እግር ያሳይ ነበር። የወር አበባዬ በመጣ ቀን በእረፍት ሰዓት ቤቴ ሮጬ እመለስ ነበር። አራተኛው ክፍለ ጊዜ ያልፈኛል። አራተኛው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ሒሳብ ነበር። አንድ ቀን አንዲት መምህራችን በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። የሚቀጡኝ መስሎኝ ነበር። ምንም ሳይጠይቁኝ የመምህራኑን ሽንት ቤት ቁልፍ በእጄ አስያዙኝ። "ስትጨርሺ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጪው" ብቻ ነው ያሉት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያ ቁልፍ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከእኔ ሌላ ስንት ልጅ ታነሳው እንደነበር አላውቅም፤ ብቻዬን እንዳልነበርኩ ግን እርግጠኛ ነኝ።

መምህራችን ምስጢሬን አልነኩትም። በሩን ብቻ ከፈቱልኝ። የእርስዎም ጭንቀት ሁለት ነገር ተጠላልፎበት ነው የሚመስለኝ። ልጅዎ ላይ የደረሰው የእሷ ነው። ያለ ፈቃዷ ከእርስዎ አፍ መውጣት የለበትም። የማይቆለፈው በር ግን የእሷ አይደለም፤ 300 ልጅ የሚገባበት በር ነው። ስለ በሩ ለመናገር ስለ ልጅዎ መናገር አያስፈልግዎትም።

"ትምህርቴን አቆማለሁ" ስትል ምን ፈርታ ይመስልዎታል? ሽንት ቤቱ እንዳይሠራ ነው? አይመስለኝም። በማግስቱ ሰልፍ ላይ ስትቆም "የእሷ አባት ነው የተናገረው" ተብሎ የሚተያዩትን ነው የፈራችው። በዚያ ዕድሜ የሰው ዓይን ያቃጥላል። ፍርሃቷ ትክክለኛ ፍርሃት ነው፤ አይናቁባት። እንደ ማስፈራሪያም አይስሙት። "አባዬ፣ በእኔ በኩል አትምጣ" ነው የምትልዎት። ሌላ መንገድ ደግሞ አለ።

መጀመሪያ ግን ከእሷ ጋር ይነጋገሩ። ፊት ለፊት ተቀምጦ "ነይ እስኪ እናውራ" ማለት ለሁለታችሁም አይመችም። ማታ ስፌት መኪናዎ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይንዎ ስፌቱ ላይ ሆኖ፣ እሷ አዝራር ስትተክል ወይም ክር ስትመርጥ ቢሆን ይሻላል። አጭር ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይችላሉ፦ "ልጄ፣ በየወሩ የሚመጣውን ነገር አውቃለሁ። እናትሽ ብትኖር እሷ ታጫውትሽ ነበር። ማደግሽ ነው፤ በሽታም ነውርም አይደለም። ሞዴስ ከዛሬ ጀምሮ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይኖራል። ሲያልቅ መጠየቅ የለብሽም፤ እኔው እያየሁ እተካለሁ።" ከዚህ በላይ አይጨምሩ። መልስም አይጠብቁ። ዝም ካለች እርስዎም ስፌትዎን ይቀጥሉ። ይህኛው ዝምታ እንደ ጥቅምቱ አይሆንም።

በሌላ ቀን ደግሞ ይጠይቋት። ከበሩ፣ ከውሃውና ከወንዶቹ የቱ ነው የባሰባት? ትምህርት ቤት ውስጥ የምታምናት ሴት መምህር አለች? የሽንት ቤቱ ነገር ይነሳ ቢባል ማን ቢያነሳው ይሻላታል? መልሷ ከእርስዎም ከእኔም ግምት ሊለይ ይችላል። እኔ "መቀርቀሪያው ነው" ብዬ ስገምት፣ እሷ "ወደዚያ ለመሄድ በወንዶቹ ኳስ ሜዳ ማለፉ ነው" ልትል ትችላለች። የምትጠቀምበት እሷ ናት፤ የምታውቀውም እሷ ናት።

"አይሆንም፤ ምንም እንዳይነሳ" ብትልስ? ያኔ የማይጠብቁትን ቃል አይግቡላት። "ስምሽን አላነሳም። ስለ አንቺ አንድ ቃል አይወጣኝም። የሽንት ቤቱ ጉዳይ ግን በሌላ ሰው በኩል እንዲነሳ እፈልጋለሁ" ብለው እውነቱን ይንገሯት። ምን እንደሚባል፣ ማን እንደሚለው፣ መቼ እንደሚባል ቀድማ ትወቅ። ከሰው አፍ ድንገት ከሰማችው ግን እምነቷን መጠገን በር ከመጠገን ይልቅ ይከብዳል።

አሁን ስለ ጤናዋ። "ሆዴን አሞኛል" ያለችዎት ሰበብ ብቻ ላይሆን ይችላል። የወር አበባ ቁርጠት እውነተኛ ሕመም ነው። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ አድርጋ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሆዷ ላይ ብትይዝ ያስታግሳል። ለዕድሜዋ የሚሆን ማስታገሻ ደግሞ የፋርማሲ ባለሙያ ይነግርዎታል። ሕመሙ ከአልጋ የማያስነሳት ከሆነ፣ ደሙ ከሰባት ቀን ካለፈ፣ ወይም ሞዴሱ በየሰዓቱ የሚሞላ ከሆነ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ጎረቤታችሁ አብረዋት ቢገቡ ይቀላታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቀኑ አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ መምጣቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ቀን ቆጥሮ መዘጋጀት ብቻ አያስተማምናትም።

ውሃ አለመጠጣቷ ግን አሳስቦኛል። ውሃ የማይጠጣና ሽንቱን የሚይዝ ሰው ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይጋለጣል። ራስ ምታትና ድካምም አለው። ሞዴስ ደግሞ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር አለበት። ደም በሚበዛባቸው ቀናት ከዚያም ቶሎ። እርስዎ በነገሩኝ ሰዓት መሠረት ልጅዎ ከቤት ውጭ የምትቆየው ስምንት ሰዓት ሙሉ ነው። በዚያ ሁሉ ሰዓት በር ዘግታ የምትቀይርበት ቦታ የላትም። እነዚያን ሦስት አራት ቀናት የምትቀረው ሰንፋ አይደለም። አስልታ ነው።

የግል ትምህርት ቤቱን ሐሳብ አልቃወምም። አባት ልጁን ከእሳት ለማውጣት ያገኘውን በር ይከፍታል። ከመበደርዎ በፊት ግን አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ይሂዱና "የሴቶቹን ሽንት ቤት አሳዩኝ" ይበሉ። ከውስጥ ይቆለፋል? ውሃው ዛሬ ይወርዳል ወይስ ያለው ቧንቧው ብቻ ነው? ለከተማችን ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል ከተቸገረ ስንት ዓመቱ! ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ የግልም የመንግሥትም ቧንቧ እኩል ይደርቃል። ልጅዎንስ ጠይቀዋታል? በሩን ይዛ የምትቆምላትን ጓደኛዋን ትታ ነው የምትሄደው። ያቺ ጓደኛዋ ደግሞ እዚያው ትቀራለች። ይህን የምለው ጥፋተኛ እንዲሰማዎ አይደለም። ብድሩ የዓመታት ጣጣ ነው፤ መቀርቀሪያው ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መጀመሪያ ቀላሉን እንሞክር ለማለት ነው።

እኔ ብሆን በዚህ ሳምንት አንዲት ሴት መምህር ፈልጌ አነጋግር ነበር። ልጅዎ የምታምናት ካለች እሷን። ከሌለች የሥርዓተ ጾታ ክበቡን የምትይዘዋን ወይም ሴት ምክትል ርዕሰ መምህር ካለች እሷን። ስለ ልጅዎ ምንም ሳይሉ "የኮሚቴ አባል ነኝ፤ የሴቶቹ ሽንት ቤት እንደማይቆለፍ ሰማሁ" ይበሏት። ከዚያ ሁለት ነገር ይጠይቋት። አንደኛው፣ እስኪጠገን ድረስ የመምህራኑ ሽንት ቤት ቁልፍ ሴት ልጆች ሳይለምኑ የሚያገኙበት ቦታ ይቀመጥ። ሁለተኛው፣ መምህሯ ጋር ለድንገተኛ የሚሆን ጥቂት ሞዴስና አንድ ሁለት ጉርድ ቀሚስ ይኑር። ለዚህ ስብሰባ አያስፈልግም። ጉርዱን ደግሞ ማን እንደሚሰፋው እኔ አልነግርዎትም።

የልጆቹ ድምፅም በእሷ በኩል ይምጣ። መምህሯ ለሁሉም ሴት ተማሪዎች ብጣሽ ወረቀት ትስጥ። ስም ሳይጽፉ፣ ሽንት ቤቱ ላይ ምን እንደሚያስቸግራቸው አንድ መስመር ጽፈው ካርቶን ውስጥ ይክተቱ። ሁሉም ስለሚጽፍ ማንም አይለይም። ልጅዎም ከፈለገች ትጽፋለች፤ ካልፈለገች ባዶውን አጥፋ ትከታለች። ስብሰባው ላይ መምህሯ ወረቀቶቹን ይዛ ትግባ። ሰባት ወንዶች ስለ 300 ሴቶች ስትወስኑ አንዲት ሴት እንኳ አለመኖሯ ራሱ ያሳስባልና፣ ጎረቤታችሁንም በወላጅነት እንድትጠሯቸው ሐሳብ ያቅርቡ።

የእርስዎ ድርሻ ከስብሰባው በፊት ይጀምራል። ለሰብሳቢው "በሩን ከመወሰናችን በፊት ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረን እንየው" ይበሉ። ቅዳሜ ተማሪ በሌለበት ሰዓት ይሁን። አጥሩንም፣ ክፍሎቹንም፣ የወንዶቹንም የሴቶቹንም ሽንት ቤት ያካትት። የሴቶቹ ጋ ስትደርሱ እያንዳንዳችሁ ገብታችሁ በሩን ዝጉት። ሌላው ውጭ ቆሞ ይግፋው። ከዚህ በላይ ንግግር አያስፈልግም። ያቺን ጠባብ ክፍል በአንድ እጁ በሩን ይዞ፣ በሌላ እጁ ልብስ ለማስተካከል የሞከረ አባት ነገሩ ይገባዋል። የጽዳት ሠራተኛዋንም ያነጋግሯቸው። ጉድጓዱ ምን ያህል እንደሞላ፣ ሞዴሱ የት እንደሚጣል ከኮሚቴው ሁሉ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እስከ ዛሬ ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅ ይሆናል።

ቁጥርም ይያዙ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለትምህርት ቤቶች ባወጣው መመዘኛ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መቀመጫ ይላል። እናንተ ጋ 300 ሴቶች ለአራት ነው፤ አንዱ ለ75 ይደርሳል። በመመዘኛው 12 መቀመጫ ያስፈልጋችኋል፤ የጎደለው ስምንት በአንድ ዓመት ይሠራል አልልም። ይህን ቁጥር ለከተማው ትምህርት መምሪያ በምትጽፉት ደብዳቤ ላይ አስፍሩት፤ የሚቀጥለው በጀት ላይ ይነሳ። አሁን ባላችሁ ገንዘብ የሚሠራው ሌላ ነው።

የግቢውን በር አይቃወሙት። ሌሎቹ አባቶችም ለልጆቻቸው ደህንነት ብለው ነው። ይልቅ እንዲህ ይበሉ፦ "ያው ብየዳ ቤት ለትልቁ በር ሲመጣ ለሴቶቹ ሽንት ቤትም አራት መቀርቀሪያ ከውስጥ ይበይድልን።" ቁርጥራጭ ብረት ይበቃዋል። የተበላ የበር ጫፍ ካለም በላሜራ ይድፈነው። በየክፍሉ አንድ መስቀያ ይትከል፤ ቦርሳ መሬት ላይ አይቀመጥማ። ከፊት ለፊት ደግሞ ከወንዶቹ መንገድ የሚከልል አጠር ያለ ግድግዳ ወይም ቆርቆሮ ይቁም። ለትልቁ በር በሚወጣው ወጪ ላይ ይህ ምን ያህል ይጨምራል? ባለሙያውን አስጠርተው ዋጋውን በወረቀት ያስጽፉና ይዘው ይግቡ። ዋጋው የተጻፈ ነገር ብዙ አያከራክርም።

የውሃውንም እናስላ። ከ300ዎቹ ግማሾቹ የወር አበባ ጀምረዋል እንበል። አንዲት ልጅ በ28 ቀን ውስጥ አምስት ቀን ያህል ብታይ፣ በአንድ ቀን ወደ 27 ልጆች መታጠቢያ ውሃ ይፈልጋሉ ማለት ነው። ለአንዷ ሦስት ሊትር ብንይዝ 80 ሊትር ገደማ ይሆናል። አራት ጀሪካን! ከተማው ውሃ በሚለቅበት ቀን የሚሞላ ሮቶ ቢኖር ጥሩ ነው። እስከዚያው ግን አራት ጀሪካን፣ አንድ ባልዲ፣ ጣሳና ሳሙና የሴቶቹ ሽንት ቤት ውስጥ በየጠዋቱ ማስገባት የማይቻል ነገር ነው? ክረምት ላይ ደግሞ ከክፍሎቹ ጣሪያ የሚወርደው ዝናብ ዝም ብሎ ይፈሳል። አሸንዳ ተገጥሞ ወደ ሮቶው ቢገባ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወራት ሞልቶ መስከረም ላይ ይጠብቃችኋል።

ለሞዴሱ ክዳን ያለው ማጠራቀሚያ በየሽንት ቤቱ ክፍል ይቀመጥ። ጉድጓድ ውስጥ ከተጣለ ፕላስቲኩ አይበሰብስም፤ ጉድጓዱን ያለ ጊዜው ይሞላዋል። የተጠራቀመው ከክፍሎቹ ራቅ ብሎ በጡብ በተሠራች ትንሽ ማቃጠያ ይቃጠላል። ይህን ሥራ ለጽዳት ሠራተኛዋ ስትሰጡ ጓንትና ሳሙናም አብራችሁ ስጧቸው።

ስለ ቃሉ አይጨነቁ። "የሴቶች ሽንት ቤት ጥገና" ብለው አጀንዳ ማስያዝ ይበቃል። "የወር አበባ" የሚለውን መምህሯ ትበለው። አንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ከወጣ በኋላ ይቀላል፤ ያዩታል። ቄሱን ደግሞ ከስብሰባው በፊት ለብቻቸው ያግኟቸው። የሚቃወሙ መስሎዎት ይሆናል፤ እሳቸውም ግን ሴት ልጆች ያሏቸው አባት ሊሆኑ ይችላሉ። ምክር ይጠይቋቸው እንጂ ድጋፍ አይለምኗቸው። እግረ መንገድዎንም አንድ ነገር ያንሱላቸው። በወር አበባ ሰሞን ቤተ መቅደስ አለመግባትን እየሰሙ ያደጉ ልጆች ራሳቸውን እንደ ቆሻሻ የሚያዩበት ጊዜ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት የቤተ ክርስቲያኑ ነው። ልጅቱ ግን ቆሻሻ እንዳልሆነች ከካህን አፍ ብትሰማው ከእኔም ከእርስዎም ቃል ይልቅ ልቧ ይገባል።

በከተማችን ያለውን እውቀትም አይርሱት። በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጁ ጎንደር ሲከፈት ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች እኩል ሳኒታሪያኖችን ያሠለጥን ነበር። የሽንት ቤትና የውሃ ንጽሕና ባለሙያ በአገራችን የወጣው ከዚሁ ከእኛ ደጅ ነው። የዛሬው ዩኒቨርሲቲም የአካባቢ ጤና ትምህርት ያስተምራል። ርዕሰ መምህሩ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ጽፈው "መጥታችሁ እዩልን፣ ንድፍ ስጡን" ቢሉ የሚያሳፍር አይደለም። ግንቦት 20 ደግሞ በዓለም ዙሪያ የወር አበባ ንጽሕና ቀን ተብሎ ይታሰባል። መምህሯ በሚኒ ሚዲያ ልታነሳው ብትፈልግ ጥሩ ምክንያት ነው፤ ዓይን ሁሉ በአንዲት ልጅ ላይ አያርፍም። ጥገናው ግን እስከዚያ አይጠብቅ።

የወንዶቹ ልጆች ነገርም አለ። በር የሚገፋ ልጅ በአብዛኛው የሚያደርገውን አያውቅም፤ ማንም አልነገረውም። የክፍል ኃላፊ መምህራን ለወንዶቹ ለብቻ ቢነግሯቸው ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ከእጅዎ ሙያ ጋር የሚገናኝ ነው። መቀሌ ላይ ፍሬወይኒ መብራህቱ የምትባል ሴት "ማርያም ሳባ" ብላ በሰየመችው ፋብሪካ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል ሞዴስ አምርታ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላለች። እርስዎ ፋብሪካ አይክፈቱ። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ድርብርብ አድርጎ፣ ከፓንት ጋር የሚያያዝ ክንፍና አዝራር አበጅቶ መስፋት ግን ለእርስዎ እጅ ከባድ አይመስለኝም። የመጀመሪያውን ጎረቤታችሁ አይተው ያስተካክሉልዎ። አንድ ነገር ግን ለልጅዎ ይነገራት፦ እንዲህ ያለው ጨርቅ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። ያን ቀሚስ ያሰጣችው ጓዳ ውስጥ ነበር። ጓዳ ውስጥ የሚደርቅ ጨርቅ እርጥበቱን አይለቅም፤ ሊያሳክክ፣ ኢንፌክሽንም ሊያመጣ ይችላል። ግቢያችሁ ውስጥ ሰው የማያየው፣ ፀሐይ ግን የሚያገኘው ገመድ ይወጥሩላት። ከላዩ ስስ ነጠላ ጣል ቢደረግበት እሷም አታፍርም።

ለዚህ ሳምንት ደግሞ ትንሽ ቦርሳ ይስፉላት። ከደብተሯ የማይበልጥ፣ ዚፕ ያለው። ሁለት ሞዴስ፣ አንድ ፓንት፣ አንድ ፌስታል፣ ትንሽ ሳሙና ይይዛል። ቀኑ ቢያዛባትም ሁልጊዜ ከደብተር ቦርሳዋ ሥር ይሁን። ዛሬ ማታ መኪናው ጋ ስትቀመጡ ጨርቆቹን ፊቷ ይዘርጉላትና ቀለሙን እሷ ትምረጥ።